የካንሰር መድኃኒት መሥራት ሲያቆም፦ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ድርሻ

«መድኃኒት የተላመደ» የሚለው አነጋገር ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በቲቢ ሕክምና ረገድ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል፤ መድኃኒትን ሳይጨርሱ ማቋረጥ ተህዋሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል የሚለውን ምክር ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በካንሰር ሕክምናም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል። ዕጢውን ለወራት ሲያሳንስ የቆየ መድኃኒት አንድ ቀን መሥራቱን ያቆማል፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ለውጥ ሳያሳይ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። በቲቢ መድኃኒቱን የሚላመደው ከውጭ የገባ ተህዋስ ነው። በካንሰር ግን የታመመው ሕዋስ ከራሱ ከሰውነት የተገኘ ነው፤ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ከሚያግዙት መካከልም ሰውነትን ከበሽታ ለመጠበቅ የተፈጠሩት ተከላካይ ሕዋሳት ይገኙበታል።

ይህ መረጃ ተከላካይ ሕዋሳት እንዴት የካንሰር መድኃኒትን ሥራ እንደሚያደናቅፉ፣ በሌላ በኩልም እንዴት እንደሚያግዙት ያብራራል። ጉዳዩ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። «መድኃኒቱ እምቢ አለኝ» ብሎ ክትትል የሚያቋርጥ ታካሚም ሆነ «መከላከያዬን ያጠነክርልኛል» በሚል በየገበያው የሚሸጥ ቅመማ የሚገዛ ቤተሰብ ውሳኔውን የሚመሠርተው በዚሁ ጉዳይ ላይ ባለው ግንዛቤ ነው።

መድኃኒት መላመድ በካንሰር

ካንሰር የሰውነት ሕዋሳት፣ በተለምዶ ሴሎች የሚባሉት፣ ከተፈጥሯዊ ሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ገደብ ሲራቡ የሚፈጠር በሽታ ነው። በአንድ ዕጢ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ኪሞቴራፒ ሲሰጥ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም ለውጥ የያዙት ጥቂቶች ግን ይተርፋሉ፤ ከጊዜ በኋላም ተራብተው ዕጢውን መልሰው ይገነቡታል። አንዳንዶቹ ወደ ውስጣቸው የገባውን መድኃኒት እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ያስወጣሉ። ሌሎቹ መድኃኒቱ ያደረሰባቸውን ጉዳት ይጠግናሉ። መድኃኒቱ የሚይዘውን ፕሮቲን ቅርጽ የሚለውጡም አሉ።

ለረጅም ጊዜ መድኃኒት መላመድ የታወቀው በዚህ መልክ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሱ ብቻውን የሚፈጽመው ነገር ተደርጎ ነበር። ይህ ግንዛቤ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ብቻውን ሲያድግ በመድኃኒት የሚሞት የካንሰር ሕዋስ በሕያው አካል ውስጥ ያንኑ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አካባቢው ነው።

ዕጢ የካንሰር ሕዋሳት ክምችት ብቻ አይደለም

አንድ የጡት ዕጢ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከካንሰር ሕዋሳት በተጨማሪ የደም ሥሮች፣ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ እና እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳት ይታዩበታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ ይህንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተውሎ፣ ካንሰር ሥር ከሰደደ ብግነት ጋር ዝምድና እንዳለው ጠቁሞ ነበር። በዚያን ጊዜ አስተያየቱ ብዙ ተከታይ አላገኘም። አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን «የማይድን ቁስል» ሲል መግለጹ ግን ነገሩን ወደ መድረክ መለሰው።

ቁስል የሚለው ንጽጽር ብዙ ነገር ያስረዳል። እጅ በቢላዋ ሲቆረጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራቸው ውጊያ ነው፤ የገባውን ተህዋስ ይገድላሉ፣ የሞተውንም ሕዋስ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ጠባያቸው ይለወጣል፤ ብግነቱን ያበርዳሉ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ፣ ሕዋሳት ተራብተው ክፍተቱን እንዲደፍኑ ምልክት ይልካሉ። ቁስሉ ሲዘጋ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዕጢ የሚጠቀመው ይህንን ሁለተኛውን ምዕራፍ ነው። ራሱን እንደ ቁስል በማስመሰል ጠጋኞቹን ይጠራል፤ ቁስሉ ግን ስለማይዘጋ ጥገናው አያበቃም፤ ጠጋኞቹም የካንሰሩ አገልጋዮች ሆነው ይቀራሉ።

ማክሮፌጅ፦ ጠባቂው እንዴት ጋሻ ጃግሬ ሆነ?

ከእነዚህ ሕዋሳት ሁሉ በመድኃኒት መላመድ ረገድ ይበልጥ የተጠናው ማክሮፌጅ ነው። የስሙ ትርጉም «ትልቁ በላተኛ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ተህዋሲያንንና የሞቱ ሕዋሳትን ውጦ የሚያጠፋ ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ቲቢን ለሚያውቅ ሰው ማክሮፌጅ ሌላም ዝና አለው፤ የቲቢ ተህዋስ የሚሸሸገው በዚሁ ሊያጠፋው በተላከ ሕዋስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠላትን ማስጠለል ለማክሮፌጅ በካንሰር የተጀመረ ነገር አይደለም።

የሕዋሳትን ተህዋስ የመዋጥ ሥራ ያገኘው የሩሲያው ሳይንቲስት ኢሊያ ሜችኒኮፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከጀርመናዊው ፖል ኤርሊሽ ጋር ተጋርቷል። ኤርሊሽ ደግሞ «ኪሞቴራፒ» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ነው። በላተኛውን ሕዋስ ያገኘውና ለመድኃኒቱ ስም ያወጣለት ሰው አንድ ሽልማት ተጋርተዋል፤ ሕዋሱና መድኃኒቱ በዕጢ ውስጥ እንደሚጋጩ ግን በዚያን ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም።

የካንሰር ሕዋሳት ወደ ደም በሚለቋቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች አማካኝነት ከአጥንት መቅኒ የመነጩ ወጣት ሕዋሳትን ይጠራሉ። እነዚህ ወደ ዕጢው ከገቡ በኋላ ወደ ማክሮፌጅነት ያድጋሉ፤ የሚያድጉት ግን በዕጢው ቋንቋ ነው። በአንዳንድ የጡት ዕጢዎች ውስጥ ማክሮፌጆች የዕጢውን ክብደት እስከ ግማሽ ሊደርሱ ይችላሉ። በዕጢው ውስጥ የሚሰጡት ጥበቃም በአንድ መንገድ ብቻ የተወሰነ አይደለም።

የመጀመሪያው መንገድ ቀጥተኛ ድጋፍ ነው። በኢትዮጵያም ለጡት ካንሰር በስፋት የሚሰጠው ፓክሊታክሴል የካንሰር ሕዋስ ለሁለት በሚከፈልበት ቅጽበት ይዞ ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ይህ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ወደ ዕጢው የሚገቡት ማክሮፌጆች እንደሚበዙ፣ ከእነርሱ የሚወጡ ካቴፕሲን የተባሉ ኢንዛይሞችም የካንሰር ሕዋሳትን ከመድኃኒቱ እንደሚጠብቁ ታይቷል። ኢንዛይሞቹ ሲታገዱ መድኃኒቱ የተሻለ ሠራ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መድኃኒቱ ራሱ ጠባቂዎቹን መጥራቱ ነው። መድኃኒት ሕዋስን ሲገድል ዕጢው ይበልጥ ቁስል ይመስላል፤ ቁስል ሲመስል ደግሞ ጠጋኝ ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ መድኃኒቱን መሻማት ነው። ለጣፊያ ሳይሆን ለቆሽት ካንሰር የሚሰጠው ጄምሲታቢን (ሁለቱ አካላት በተለምዶ ይምታታሉ) ሥራው በማታለል ላይ የተመሠረተ ነው። በቅርጹ ለዘር ቅንጣት ግንባታ ከሚያገለግል ዲኦክሲሳይቲዲን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ይመሳሰላል፤ የካንሰር ሕዋሱም እውነተኛው መስሎት ሐሰተኛውን ተቀብሎ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በቆሽት ዕጢ ውስጥ ያሉ ማክሮፌጆች እውነተኛውን ንጥረ ነገር በብዛት እንደሚያመነጩ አሳየ። እውነተኛው በበዛበት ሐሰተኛው ይዋጣል። መድኃኒቱ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ቀን ተሰጥቶም የካንሰር ሕዋሱ ዘንድ የሚደርሰው ተሻሚ በበዛበት ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሌሎች ተከላካይ ሕዋሳትን ማስቆም ነው። ካንሰርን ለይተው የሚገድሉት ቲ ሕዋሳት የተባሉት ናቸው። በዕጢው ቋንቋ ያደጉ ማክሮፌጆች እነዚህ ሕዋሳት ወደ ዕጢው እንዳይገቡ፣ ከገቡም እንዲደክሙ ያደርጋሉ። እዚያው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ማክሮፌጆችን የሚጠራው መልእክት ሲታገድ ፓክሊታክሴል በጡት ዕጢ ላይ የተሻለ ውጤት ሰጥቷል፤ ገዳይ ቲ ሕዋሳት በሌሉበት ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ይህም መድኃኒቱ ካንሰሩን የሚያሸንፈው ብቻውን እንዳልሆነ ያመለክታል።

ማክሮፌጅ በዚህ ሥራ ብቻውን አይደለም። ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ ልጓም የሚይዙ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳትም በዕጢ ውስጥ ይከማቻሉ። እነዚህን ሕዋሳት በማግኘትና አሠራራቸውን በማብራራት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብሩንኮ እና ፍሬድ ራምስዴል እ.ኤ.አ. የ2025ን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ለጤነኛ ሰው እጅግ አስፈላጊ የሆነው ልጓም በዕጢ ውስጥ ሲሆን ለካንሰሩ መሸሸጊያ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሳይበስሉ ከአጥንት መቅኒ ወጥተው ቲ ሕዋሳትን የሚያፍኑ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትም አሉ።

ተከላካይ ሕዋሳት የመድኃኒቱ እጅ ሲሆኑ

እስካሁን የተባለውን ብቻ የያዘ አንባቢ ተከላካይ ሕዋሳትን ማጥፋት ይበጃል ወደሚል መደምደሚያ ሊደርስ ይችላል። እውነታው ከዚህ የራቀ ነው። በርካታ የካንሰር መድኃኒቶች ያለ እነዚህ ሕዋሳት እርዳታ ሙሉ ሥራቸውን አይሠሩም።

በደማቅ ቀይ ቀለሙ ታካሚዎች በቀላሉ የሚለዩት ዶክሶሩቢሲን የካንሰር ሕዋስን የሚገድለው ተከላካይ ሕዋሳትን በሚቀሰቅስ መንገድ ነው፤ የሞተው ሕዋስ አካል ለቲ ሕዋሳት እንደ ማሳያ ሆኖ ያገለግላል፤ እነርሱም የቀሩትን ይፈልጋሉ። በጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከሕክምናው በፊት በዕጢያቸው ውስጥ ብዙ ሊምፎሳይት የተገኘባቸው፣ በተለይም ሦስቱ ተቀባይ ፕሮቲኖች የሌሉበት ዓይነት ያለባቸው ታካሚዎች፣ ለኪሞቴራፒ የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይተዋል።

ትራስቱዙማብ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ነው። ይህ መድኃኒት «ኸር ቱ» የተባለ ፕሮቲን የበዛበትን የጡት ካንሰር ለማከም የሚያገለግል ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአንድ ጫፉ የካንሰር ሕዋሱን ይይዛል። ሌላኛው ጫፉ ግን ለተከላካይ ሕዋሳት የተተወ እጀታ ነው፤ ማክሮፌጆችና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ይህን እጀታ ይዘው ካንሰሩን ያጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት እጀታውን መያዝ የማይችሉ ሕዋሳት ባሏቸው አይጦች ላይ የመድኃኒቱ ውጤት በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። እዚህ ማክሮፌጅ የመድኃኒቱ ወታደር ነው፤ በፓክሊታክሴል ጊዜ ደግሞ የካንሰሩ ጋሻ ጃግሬ ነበር። ሕዋሱ በየት ወገን እንደሚቆም የሚወስነው የሚደርሰው መልእክት ነው።

ለኢትዮጵያ ወላጆች ሁሉ የሚታወቀው የቢሲጂ ክትባትም በዚህ ረገድ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ለመጠበቅ በክንድ ላይ የሚሰጠው ይኸው የተዳከመ ተህዋስ፣ ወደ ጡንቻው ዘልቆ ያልገባ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ለማከም በፊኛው ውስጥ ይጨመራል። ሕክምናው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ሲሆን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ካንሰሩን የሚያጠፋው ተህዋሱ የሚቀሰቅሳቸው ተከላካይ ሕዋሳት ናቸው።

በተከላካይ ሕዋሳት ማከምና ወሰኑ

ቲ ሕዋሳት ከመጠን እንዳያልፉ የሚገታ ተፈጥሯዊ ፍሬን አላቸው። ካንሰር ይህንን ፍሬን ይረግጠዋል። ፍሬኑን የሚያላቅቁ መድኃኒቶች እንዲገኙ መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰን እና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኒቮሉማብ እና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለሜላኖማ፣ ማለትም ለአንድ የቆዳ ካንሰር ዓይነት ተካተዋል። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ለዓመታት የሚዘልቅ ውጤት ሰጥተዋል።

ሆኖም እነዚህም መድኃኒቶች ይለመዳሉ። በዕጢው ውስጥ መጀመሪያውኑ ቲ ሕዋስ ከሌለ ፍሬን ማላቀቅ ትርጉም የለውም። የካንሰር ሕዋሱ ቲ ሕዋስ የሚለይበትን ምልክት ከገጹ ላይ አውልቆ ሊጥልም ይችላል። ከዚህም ሌላ የተለቀቀው ፍሬን በጤነኛው አካል ላይ መዘዝ ያመጣል፤ ሳንባ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ታይሮይድ ዕጢ ሊጠቁ ይችላሉ። ዋጋቸውም እጅግ ውድ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ካንሰርን ያለ ኪሞቴራፒ የሚያድን» ተብለው የሚተዋወቁትን በተመለከተ ንብረት ከመሸጥና ወደ ውጭ ከመሄድ በፊት የካንሰር ስፔሻሊስትን ማማከር ያስፈልጋል፤ ለብዙ የካንሰር ዓይነቶች ጥቅማቸው ውስን ነው ወይም አልተረጋገጠም።

ማክሮፌጆችን የሚያነጣጥሩ መድኃኒቶችም በሙከራ ላይ ናቸው። ፔክሲዳርቲኒብ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው በአብዛኛው በማክሮፌጆች ክምችት ለሚፈጠር አንድ ብርቅ የመገጣጠሚያ ዕጢ ነው። በሌሎች ዕጢዎች ላይ ብቻውን ሲሞከር ግን የተጠበቀውን ያህል ውጤት አልተገኘም። ስለዚህ የምርምሩ አቅጣጫ ማክሮፌጆችን ከማጥፋት ይልቅ ጠባያቸውን ወደ መለወጥና ከሌላ መድኃኒት ጋር ወደ ማቀናጀት አዘንብሏል። በመደበኛ ሕክምና ውስጥ ማክሮፌጆችን በመቁጠር መድኃኒት የሚመረጥበት ምርመራ እስካሁን የለም፤ «የመከላከያ አቅም ምርመራ» በሚል የሚሸጥ አገልግሎትም የኪሞቴራፒ ውሳኔን አይለውጥም።

«መከላከያን ማጠንከር» የሚባለው

የሰውነት የመከላከል አቅም በጀሪካን ውስጥ እንዳለ ውሃ የሚጎድልና የሚሞላ አንድ ነገር አይደለም። እርስ በርሳቸው የሚገታተኑ የብዙ ሕዋሳት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን በጥቅሉ «ያጠነክራል» የተባለ ነገር ቢገኝ እንኳ የትኛውን ሕዋስ፣ በየትኛው ወገን እንደሚያጠነክር ካልታወቀ ለካንሰር ታካሚ ዋስትና አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው በምግብ ልክ መመገብ የሚከለከል አይደለም። ችግሩ ያለው ተቀቅለው፣ ተፈጭተው ወይም ተጨምቀው በብዛት እንደ መድኃኒት ሲወሰዱ ነው። ኪሞቴራፒ በአብዛኛው በጉበትና በኩላሊት በኩል ተጣርቶ ይወጣል፤ አንዳንድ ዕፅዋት ይህን ሥራ በማፋጠን መድኃኒቱን ሊያሳንሱት፣ ወይም በማዘግየት ወደ መርዛማ መጠን ሊያደርሱት ይችላሉ። የሚወሰድ ነገር ካለ ለሐኪሙ መናገር ይገባል። የሚጠየቀው ለወቀሳ ሳይሆን መጠንን ለማስተካከል ነው።

ከኪሞቴራፒ በኋላ የሚቀንሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ሕዋሳት በእጅጉ ይቀንሳሉ። በዚህ ወቅት የሚከሰት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው፤ እስከ ቀጠሮ ቀን የሚጠበቅ ወይም በቤት ውስጥ በፓራሲታሞል የሚታለፍ አይደለም። ታካሚው በሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ሄዶ ኪሞቴራፒ እየወሰደ መሆኑን በመጀመሪያ መናገር አለበት። ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው የሚያዝዘው ፊልግራስቲም የተባለ መርፌ ኒውትሮፊሎችን ይጨምራል፤ ዓላማው ግን ታካሚውን ከኢንፌክሽን መጠበቅ እንጂ ካንሰሩን መግደል አይደለም።

ከፓክሊታክሴል በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ጥያቄ ያስነሳል። መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት መሆኑን የሰሙ ታካሚዎች ሳይወስዱት ይቀራሉ። የሚሰጠው ከባድ የአለርጂ አደጋን ለመከላከል ስለሆነ መተው አይገባም።

ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ታካሚዎች የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ለካንሰር ሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል፤ ቀድሞ ቲቢ የታመመ ወይም ሳል ያለበት ሰውም እንዲሁ። እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉ ሕያው ተህዋስ የያዙ ክትባቶች በኪሞቴራፒ ወቅት አይሰጡም።

መድኃኒቱ ሲለመድ ምን ይደረጋል?

በቲቢ ሕክምና የተለመደው ምክር ለካንሰር ሲውል አንድ ጉዳት ያስከትላል። መድኃኒት የሚለመደው በቸልተኝነት ነው የሚለው አስተሳሰብ ታካሚውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። አንዲት እናት አንድም ቀጠሮ ሳታሳልፍ፣ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽማ መድኃኒቱ ሊለመድ ይችላል። ምክንያቱ ከላይ እንደተገለጸው በዕጢው ውስጥ ያለ ሂደት ነው። ቤተሰብም ሆነ ጎረቤት «ምን በልተሽ ነው?» እያሉ መጠየቃቸው አይጠቅምም።

ይህ ማለት ግን ቀጠሮ ማሳለፍ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በሁለት ዙሮች መካከል ያለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 21 ቀን፣ የአጥንት መቅኒ እንዲያገግም፣ ካንሰሩ ግን ፋታ እንዳያገኝ ተመጥኖ የተቀመጠ ነው። ያለ ምክንያት ሲራዘም የተረፉት ሕዋሳት ይራባሉ። የደም ሕዋሳት ቁጥር ስላነሰ በሐኪም ውሳኔ የተላለፈ ቀጠሮ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሕክምናው መክሸፍ ተደርጎ መታየት የለበትም። ወደ ጸበል የሚሄዱ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውንና ቀጠሯቸውን አክብረው መሄድ ይችላሉ፤ በኤችአይቪ ሕክምና ረገድ ሁለቱ እንደማይጣሉ የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

መድኃኒቱ መለመዱ የሚረጋገጠው በስሜት ሳይሆን በአካል ምርመራ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ነው። የድካም መበርታት ወይም የፀጉር መርገፍ መድኃኒቱ መሥራቱንም አለመሥራቱንም አያሳይም። በሁለት ዙሮች መካከል ዕጢው ሲያድግ፣ አዲስ እብጠት ወይም የአጥንት ሕመም ሲከሰት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሊያዛውር፣ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ሊጨምር፣ አዲስ ናሙናም ሊያዝዝ ይችላል። ናሙና በድጋሚ መወሰዱ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ሆኖም የጡት ካንሰር ከጊዜ ጋር የተቀባይ ፕሮቲኖቹን ሁኔታ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ውጤት ለዛሬው መድኃኒት ምርጫ ላይበቃ ይችላል። ካንሰሩን የሚገታ ሕክምና ባይቀር እንኳ ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግስ እንክብካቤ አለ፤ ይህም በክትትል ውስጥ ላሉ ታካሚዎች የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ በብዛት የሚገኘው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታካሚዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ዕጢ በትልቅነቱ ልክ የሕዋሳቱ ዓይነት ይበዛል፤ በዙሪያው የሚሰለፉት ጠጋኞችም ይጠናከራሉ። በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ፣ ሕመም የሌለው እብጠት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወዲያው ሊታይ ይገባል። ሕመም አለመኖሩ ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው የሚላክ ታካሚ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስምና የዙሮቹን ቁጥር፣ የመጨረሻውን የምስል ምርመራ እና ከሆስፒታል ውጭ የሚወስዳቸውን ነገሮች ዝርዝር ይዞ መቅረብ አለበት። የጤና መድህን አባል የሆኑ ደግሞ የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በሰም ተይዞ በላቦራቶሪ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ የተቀባይ ፕሮቲን ምርመራ ያልተሠራለት ታካሚ ናሙናውን መጀመሪያ ከተመረመረበት ተቋም በደብዳቤ ጠይቆ ወደ አዲሱ ሆስፒታል ማምጣት ይችላል፤ ናሙናው ካለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ ምርመራው ከዚያው ሊሠራ ይችላል።